በአቃቂ ዳርቻ የታይፎይድ ጥናት፦ አዲስ የምርምር ዘዴ ከየት ይመጣል?

#1 አቃቂ_ድልድይ

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ክር የከፈትኩት ከቃሊቲ ወደ አባ ሳሙኤል በሚወርደው የወንዝ ዳርቻ ላይ ለታሰበ ጥናት ሐሳብ ለመሰብሰብ ነው። ጥያቄያችን ሁለት ነው፤ ታይፎይድ የትኛው ሰፈር ላይ ይበረታል? በወንዙ ውሃ ከሚለማው ሰላጣና ጎመን ጋርስ ግንኙነቱ ምን ያህል ነው?

ጣጣው ከመነሻው ይጀምራል። በጤና ጣቢያ መዝገብ ላይ "ታይፎይድና ታይፈስ" ተብሎ የሚሰፍረው በአብዛኛው በዊዳልና በዋይል ፊሊክስ ምርመራ የተገኘ ነው። ዊዳል የሚለካው አንቲቦዲ ስለሆነ ዱሮ የታመመውንም፣ በሌላ ሳልሞኔላ የተያዘውንም ከዛሬው ሕመምተኛ ጋር ይደባልቃል። የደም ካልቸር (ባክቴሪያውን ከደም ማብቀል) ይሻላል፤ እሱንም ቢሆን ከ10 ሕሙማን ወደ 4 የሚጠጉት ያመልጡታል። በዚያ ላይ አብዛኛው ቤት ከፍሳሽ መስመር ጋር አልተገናኘም። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ ደግሞ የ1999 ዓ.ም. ስለሆነ ኮዬ ፈጬና ቱሉ ዲምቱን የመሳሰሉት የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች በቁጥሩ ውስጥ የሉም።

አንዱ "በፍሳሽ ናሙና ሥሩ" ይላል፣ ሌላው "ኤክስፖዞም" (ሰው በዕድሜው ሙሉ የሚጋለጥበትን ሁሉ መለካት)፣ ሌላው "ርካሽ ሴንሰር" (የአየር ብናኝ መለኪያ)። ሁሉም አዲስ አቀራረብ ተብለው ነው የሚቀርቡት። የትኛው ነው ለዚህ ቦታ የሚሠራው? አዲስ ዘዴ መባል የሚገባውስ ምን ሲያሟላ ነው?

---

#2 ቀመረኛ

አቃቂ_ድልድይ፣ ከሁለተኛው ጥያቄህ ልጀምር፤ የመጀመሪያው በሱ ስለሚመለስ።

በዚህ ሙያ አዲስ አቀራረብ የሚወለደው ከጥያቄ እስከ መልስ ባለው ሰንሰለት ውስጥ አንዲት ቀለበት ስትበጠስ ነው። አዲስ ማሽን መገዛቱ ብቻውን ዘዴ አይፈጥርም። የታይፎይድን የአካባቢ ቅኝት ውሰድ። ብሬንዳን ሙር እ.ኤ.አ. በ1948 ያሳተመው ሥራ ላይ የእንግሊዝ ሐኪሞች በኖርዝ ቶውተን ከተማ የፓራታይፎይድ ተሸካሚ ማን እንደሆነ ማግኘት አቅቷቸው ነበር። ያን ሁሉ ሰው መመርመር አይቻልም። ሙር ጎዝ (የቁስል ማሸጊያ ስስ ጨርቅ) ጠቅልሎ በፍሳሽ ቱቦዎቹ ውስጥ እየሰቀለ፣ ባክቴሪያው የተገኘበትን ቅርንጫፍ ወደ ላይ እየተከተለ፣ ተሸካሚው ቤት ድረስ ደረሰ። የተበጠሰችው ቀለበት "ሰውን በሰው መመርመር" የምትለዋ ነበረች፤ እሷን በሰፈር ምርመራ ተካት።

ከዚያ ሳንቲያጎ፣ ቺሊ። በ1980ዎቹ በመስኖ ቦዮች ውስጥ ያንኑ ጎዝ ሲሰቅሉ የታይፎይድ ባክቴሪያው ሳልሞኔላ ታይፊ ተገኘ። ያልታከመ ፍሳሽ ሰላጣና አትክልት ያጠጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 ኮሌራ ደቡብ አሜሪካ ሲገባ መንግሥት በዚያ ውሃ ጥሬ የሚበላ አትክልት ማልማትን ከለከለ፤ የታይፎይዱም ቁጥር አሽቆለቆለ። ከአባ ሳሙኤል በላይ ስላለው ማሳ የምትጠይቀው ጥያቄ የዚያ ቀጥተኛ ዘመድ ነው።

ዘዴው ለረጅም ጊዜ ተረስቶ የተነሳው ደግሞ ውሳኔ ስለመጣ ነው። የታይፎይድ ኮንጁጌት ክትባት እ.ኤ.አ. በ2018 የዓለም ጤና ድርጅትን ድጋፍ ሲያገኝ፣ የደም ካልቸር የሌላቸው አገሮች "የት እንጀምር?" የሚል ጥያቄ ከፊታቸው ተደቀነ። ኪውፒሲአር (የባክቴሪያውን ዲኤንኤ እያባዛ የሚለካ ምርመራ) በዚያን ጊዜ ረክሶ ስለነበር የድሮው ጎዝ ከአዲሱ ማሽን ጋር ተጣመረ።

ስለዚህ መመዘኛዬ ይህ ነው፦ የቱ ቀለበት እንደተበጠሰ በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ካልቻልክ፣ ዘዴው አዲስ ቢሆንም ለአንተ አይደለም። ኤክስፖዞምን ክሪስቶፈር ዋይልድ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲያቀርብ የተበጠሰችው ቀለበት "ጂን በደንብ ተለክቷል፣ ከጂን ውጪ ያለው ግን ከፅንስ እስከ ሞት አልተለካም" የምትል ነበረች። ትልቅ ሐሳብ ነው። ያንተ ቀለበት ግን "ታይፎይድ የያዘው ማን እንደሆነ አላውቅም" የምትለዋ ናት። ለሷ የማስ ስፔክትሮሜትሪ (ኬሚካሎችን በክብደታቸው የሚለይ ማሽን) ወረፋ መያዝ አያስፈልግህም።

---

#3 ቤተ_ሙከራ

ቀመረኛ ታሪኩን በደንብ አስቀምጦታል። እኔ ወደ ሥራው ልግባ፤ ወረቀት ላይ ቀላል የሚመስለው ወንዝ ላይ ሲደርስ የሚበላሸው እዚህ ነው።

ጎዙ ወደ 1.2 ሜትር ርዝመትና 15 ሳንቲ ሜትር ስፋት ይኑረው። እጥፍጥፍ አድርጋችሁ መሐሉን በጠንካራ የዓሣ ማጥመጃ ናይለን እሰሩት፤ የጥጥ ክር ይበሰብሳል። በፎይል ጠቅልላችሁ አውቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት ጀርም የሚገድል ማሽን) አስገቡት። እዚህ ላይ አንድ ነገር፦ አውቶክሌቩን በሙቀት ንባብ ሂዱ፣ በግፊት ጌጁ አትመኑ። በባሕር ጠለል 121 ዲግሪ የሚደርሰው ጌጁ 15 ፒኤስአይ ሲል ነው። በአቃቂ ከፍታ፣ ወደ 2,100 ሜትር ላይ፣ የውጪው አየር ግፊት ስለሚያንስ ያንኑ ሙቀት ለማግኘት ጌጁ ወደ 18 ማለት አለበት። 15 ላይ ካቆማችሁት ጎዙ በደንብ ላይጸዳ ይችላል፤ በኋላ የምታገኙት ባክቴሪያ ከወንዙ ይሁን ከጓዳችሁ አታውቁም። ስለዚህ በየዙሩ አንድ ያልተሰቀለ ጎዝ ከሌሎቹ ጋር መስክ ድረስ ሄዶ ይመለስና አብሮ ይመርመር።

ጎዙ ውሃ ውስጥ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ይቆያል። በድልድይ ሥር ካለ ብረት ወይም ከትልቅ ድንጋይ ጋር ይታሰር፣ ከላይ እንዳይታይ ይሁን፣ ግን ወራጁ ውሃ መሐል ይግባ። ዳር የቆመ ውሃ ላይ ከተሰቀለ የሚያጠልለው ነገር የለም። በክረምት ደራሽ ይወስደዋል፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ በአንድ ቦታ ሁለት ጎዝ በተለያየ ማሰሪያ ስቀሉ። በበጋ የሚያጠፋው ፕላስቲክና ገለባ ነው፤ ተጠቅልሎበት ውሃው በጎን ያልፋል። ስታወጡት ፎቶ አንሱ፣ ተሸፍኖ እንደነበር ጻፉ።

ካወጣችሁ በኋላ በበረዶ ሳጥን በ4 ዲግሪ አካባቢ፣ ቢቻል በ6 ሰዓት ውስጥ፣ ቢዘገይ ከ24 ሰዓት ሳያልፍ ወደ ማበልጸጊያ ብሮዝ (ባክቴሪያው የሚራባበት ፈሳሽ) ይግባ። ሳልሞኔላ ታይፊን ከውሃ በካልቸር ማብቀል በጣም አስቸጋሪ ስለሆነ ዛሬ ሁሉም ማለት ይቻላል በኪውፒሲአር ነው የሚያየው።

ከቃሊቲ በታች ላለ ውሃ ትልቁ ጠላት የፒሲአር መታፈን ነው። የቆዳ ፋብሪካ ታኒን፣ የማቅለሚያ ኬሚካል፣ ከመሬት የሚመጣ ሂዩሚክ አሲድ፣ ሁሉም ኢንዛይሙን ይይዙታል። ምርመራው "ኔጋቲቭ" ይላል፣ ባክቴሪያው ግን አለ። ማወቂያው ቀላል ነው። ከአንድ ናሙና የወጣውን ዲኤንኤ እንዳለና 10 ጊዜ አቅጥናችሁ ሁለቱንም ሩጡ። መታፈን ከሌለ የቀጠነው ወደ 3.3 ሳይክል (የማባዛት ዙር) ዘግይቶ ይወጣል። 1 ወይም 2 ሳይክል ብቻ ከዘገየ፣ ይባስ ብሎ ከቀደመ፣ ያልቀጠነው ታፍኗል ማለት ነው። በፒሲአር ሳህኑ በየጉድጓዱ የውስጥ መቆጣጠሪያም (መኖሩ የታወቀ ዲኤንኤ) ጨምሩ፤ የቀጠነውም ያልቀጠነውም ኔጋቲቭ ሲሆኑ ሌላ ምስክር የላችሁም።

---

#4 አቃቂ_ድልድይ

እህቴ ቤተ_ሙከራ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ያልገባኝ፦ ኔጋቲቭ ሲመጣና መታፈንም ከሌለ "እዚህ ሰፈር ታይፎይድ የለም" ማለት ይቻላል? ደግሞስ የወንዙን የውሃ መጠን ለክተን ውጤቱን በሰው ቁጥር ማካፈል እንችላለን?

---

#5 ቤተ_ሙከራ

ሁለቱም አይቻልም፤ ምክንያታቸው ግን ይለያያል።

ለመጀመሪያው፦ የፍሳሽ መስመር በሌለበት የሰው ዓይነ ምድር ወደ ቦዩ መድረሱ ራሱ አይታወቅም። ጉድጓድ መጸዳጃው ካልሞላና ካልፈሰሰ፣ ወይም በቦቴ ከተነሳ፣ ጎዙ ያን ቤት አያየውም። ስለዚህ በየናሙናው የሰው ዓይነ ምድር ምልክት አብሮ ይመርመር፤ ኤችኤፍ183 የተባለው የባክቴሮይድስ ምልክት ለዚህ ይጠቅማል። ኤችኤፍ183 ኖሮ ታይፊ ከሌለ ውጤቱ ኔጋቲቭ ነው። ኤችኤፍ183 ራሱ ከሌለ ናሙናው ምንም አልመለሰም፤ ከኔጋቲቮቹ ጋር አትቁጠሩት። ምልክቱ አልፎ አልፎ በውሻና በዶሮ ዓይነ ምድርም ስለሚታይ ከቄራና ከዶሮ እርባታ በታች ያሉ ነጥቦችን ለይታችሁ ያዙ። አንዳንዱ የቃሪያ ሞትል ቫይረስን ይጠቀማል፤ ሰው ቃሪያና በርበሬ ስለሚበላ በዓይነ ምድሩ በብዛት ይገኛል። በእኛ አገር ግን የቃሪያ እጣቢም በቀጥታ ቦይ ስለሚገባ ብቻውን አልታመንበትም።

ለሁለተኛው፦ ጎዝ ምን ያህል ውሃ እንዳጠለለ አይታወቅም። አለ ወይም የለም ነው የሚለው፤ በውሃ መጠን ማባዛት ትርጉም የለውም። መጠን ከፈለጋችሁ ጎን ለጎን 1 ሊትር በጠርሙስ ቅዱ፣ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት። በ0.45 ማይክሮን ሜምብሬን (ስስ ማጣሪያ) ሲያጠሉት ጭቃው ስለሚደፍነው ናሙናውን በብዙ ሜምብሬን ከፋፍሉት። የውሃ ፍጥነቱን በተንሳፋፊ ነገር ለኩ፤ 10 ሜትር የሚሄድበትን ሰከንድ ያዙ፣ 10ን ለሰከንዱ አካፍሉ፣ ላይ ያለው ውሃ ከታችኛው ስለሚፈጥን ያገኛችሁትን ፍጥነት በ0.85 አባዙት፣ ከዚያ በቦዩ ወርድና ጥልቀት።

ሌላም አለ። ከዳኑ ሰዎች ጥቂቱ በሐሞት ከረጢታቸው ባክቴሪያውን ይዘው ለዓመታት ይኖራሉ። አንድ ቦይ ዓመቱን ሙሉ ፖዘቲቭ ሲሆን ወረርሽኝ ላይሆን ይችላል።

---

#6 ነፋስ_ስልክ

ውይይቱ ወደ ውሃ አዘነበለ፤ ግን "ርካሽ ሴንሰር" ስለተባለው ዝም ማለት አይገባም፣ በብዛት የሚበላሸው እሱ ነውና።

በገበያ ያሉት አብዛኞቹ በሌዘር ብርሃን ብተና ነው የሚሠሩት። እርጥበት ከ80 በመቶ ሲያልፍ ብናኙ ውሃ ጠጥቶ ያብጥና ሴንሰሩ ከእውነቱ በላይ ያነባል። የክረምት ንጋት ላይ የምታዩት ከፍታ ግማሹ ጉም ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ከማጣቀሻ መሣሪያ ጎን ቢያንስ ሁለት ሳምንት በበጋ፣ ሁለት ሳምንት በክረምት ማቆምና እርጥበትን ያካተተ ማስተካከያ መሥራት ነው። በአንድ ወቅት ብቻ የተሠራ ማስተካከያ ለሌላው አይሆንም። ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብዙ ተመራማሪ የተደገፈበት የአሜሪካ ኤምባሲ መረጃ በማርች 2025 መሠራጨቱ ስለቆመ፣ የማጣቀሻ መሣሪያ ከየት እንደምታገኙ በጀት ሳትጽፉ ወስኑ።

ከፍታውም አለ። አየር የሚስበው ፓምፓችሁ በ"ስታንዳርድ" ሊትር (በባሕር ጠለል ግፊት በሚሰላ) ከተስተካከለ፣ እዚህ አንዱ እውነተኛ ሜትር ኪዩብ አየር ስታንዳርዱን አይሞላም፤ የምታወጡት ክምችት ከእውነተኛው ወደ 30 በመቶ ከፍ ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ለደቃቅ ብናኝ (ፒኤም2.5) ካወጣው በሜትር ኪዩብ የ5 ማይክሮግራም ዓመታዊ ወሰን ጋር ስታነጻጽሩ የትኛውን እንደተጠቀማችሁ ጻፉ።

ለአየር ጥናት እዚህ አገር ያለ ትልቅ ዕድል ግን ህዳር 12 ነው። ህዳር ሲታጠን። በ1911 ዓ.ም. የህዳር በሽታ ሕዝቡን ከፈጀ በኋላ የቀረ ልማድ ነው፤ በየሰፈሩ ቆሻሻ ይቃጠላል። ቀኑ አስቀድሞ የታወቀ፣ ጭሱ በአንድ ጊዜ የሚመጣ፣ ሰው በጤናው ምክንያት ያልመረጠው ነው። ለምን ማንም በሚገባ አይጠቀምበትም እላለሁ ሁልጊዜ።

---

#7 ቀመረኛ

ነፋስ_ስልክ፣ ሐሳቡን በጣም ወድጄዋለሁ፤ ግን ወጥመድ አለው። ህዳር 12 የህዳር ሚካኤል ንግሥ ነው። ሰው ቤተ ክርስቲያን ስለሚሄድ ጤና ጣቢያ የሚመጣው ይቀንሳል። ጭሱ አስም ቢያባብስም መዝገቡ ላይ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ልታየው ትችላለህ፣ ከዚያ "ጭስ አይጎዳም" ብለህ ልትጽፍ።

መውጫው ጭስ የሌለውን ትልቅ በዓል ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው፤ ህዳር ጽዮን፣ ህዳር 21፣ ዘጠኝ ቀን ብቻ ነው የሚርቀው። በሁለቱም ቀን የመጣው ሕዝብ ከቀነሰና የመተንፈሻ ሕመም ግን በ12ና በማግስቱ ብቻ ከፍ ካለ አንድ ነገር ይዘሃል። በተጨማሪ ጭስ ሊያመጣው የማይችል ሕመም፣ ለምሳሌ ስብራት፣ አብረህ ተንትን። ስብራትም ከጭሱ ጋር "ከተያያዘ" ሞዴልህ ውስጥ የተደበቀ ነገር አለ። ይህ ኔጋቲቭ ኮንትሮል የሚባለው ነው፤ ቤተ ሙከራ ዱሮም ይሠራበታል፣ ወደ ኤፒዲሚዮሎጂ በሥርዓት የገባው እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ ነው። አዲስ ዘዴ ከጎረቤት ሙያም እንደሚመጣ ጥሩ ማሳያ ይመስለኛል። በዓመት አንድ ቀን ብቻ ስለሆነ የብዙ ዓመት መዝገብና ብዙ ጤና ጣቢያ ያስፈልጋል።

ኬዝ ክሮስኦቨር (ሕመምተኛውን ከራሱ ሌሎች ቀናት ጋር የሚያነጻጽር ንድፍ) ከሠራችሁ ደግሞ የቀን መቁጠሪያው ይፈትናችኋል። ዘዴው እያንዳንዱን የሕመም ቀን ከዚያው ወር፣ ከዚያው የሳምንት ቀን ጋር ያነጻጽራል። በእኛ 30 ቀን ወር ሦስት ወይም አራት ማነጻጸሪያ ቀን ይገኛል። ጳጉሜን ግን 5 ወይም 6 ቀን ስለሆነች የትኛውም የሳምንት ቀን አይደገምባትም፤ ማነጻጸሪያ አጥታ ሶፍትዌሩ ምንም ሳይናገር ይጥላታል። ከነሐሴ ጋር አያይዟት። ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ደግሞ ህዳር 12 በፈረንጅ ኖቬምበር 21 ሳይሆን 22 ይውላል።

---

#8 መዝገብ_ቤት

የሕዝብ ቁጥር ስለሌለው ሰፈር ላንሳ። ሳተላይት ላይ የቤት ጣሪያ ቆጥሮ በአማካይ ነዋሪ ማባዛት የተለመደ ሆኗል። ለገጠር ይሠራል። ኮንዶሚኒየም ላይ ግን አንድ ጣሪያ ሥር አራትም ሰባትም ፎቅ አለ፤ ከጎኑ ያለው ቆርቆሮ ቤት ደግሞ አንድ ቤተሰብ። ጣሪያውን በእኩል ከቆጠራችሁ የኮንዶሚኒየሙ ሕዝብ ያንስና በሽታው እዚያ የበዛ ይመስላል። የፎቁን ቁጥር በእግር ዞራችሁ መዝግቡ፣ ባዶ የሆኑ ቤቶችንም ከብሎክ ኮሚቴ ጠይቁ።

ወደ ቀመረኛ መመዘኛ ስመለስ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ራሷ የተወለደች ዘዴ አለች፤ የቀብር ቅኝት። የሞት ምዝገባ ስላልነበረ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በመቃብር ቦታዎች የሚቀበሩ ሰዎች ዕድሜ፣ ጾታና ቤተሰብ የሚናገረው ምክንያት ይሰበሰብ ጀመረ፤ የኤድስ ሞትና የመድኃኒቱ ውጤት የታየው በዚያ ነው። በከተማው ዳር ግን የሚጎድለው አለ። አስከሬን ወደ ትውልድ አገር ይሄዳል፣ ከከተማ ውጪ ያለ ደብር ላይ ይቀበራል፣ ጨቅላ ሕፃን ብዙ ጊዜ አይመዘገብም። እድሮች የሚያውቁት ከመቃብሩ መዝገብ ጋር ቢነጻጸር የጎደለውን መጠን መገመት ይቻላል።

---

#9 ቀመረኛ

ለታይፎይዱ ግን የሕዝብ ቁጥር ጨርሶ የማይጠይቅ ንድፍ አለ፤ ቴስት ኔጋቲቭ። ትኩሳት ይዞት የመጣ ሁሉ ደም ይሰጣል፤ ካልቸሩ ፖዘቲቭ የሆነው ከኔጋቲቩ ጋር ይነጻጸራል። ሁለቱም ወደ አንድ ጤና ጣቢያ የመጡ ስለሆኑ "ማን ሐኪም ቤት ይሄዳል" የሚለው አድልዎ ይቀንሳል።

ደሙ ላይ አትቆጥቡ። በታይፎይድ ሕመምተኛ አንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ብዙ ጊዜ ከአንድ ያነሰ ባክቴሪያ ነው ያለው። ከአዋቂ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሊትር፣ ከሕፃን እንደ ክብደቱ። የገባውን መጠን ጠርሙሱን በመመዘን መዝግቡ። ከፋርማሲ አንቲባዮቲክ ገዝቶ የጀመረው ካልቸሩ ኔጋቲቭ ይሆንና ማነጻጸሪያ ቡድን ውስጥ ይደበቃል፤ ይህ ደግሞ ግንኙነቱን ያደበዝዘዋል። የመድኃኒቱን ማሸጊያ አሳዩን ብላችሁ ጠይቁ፣ ትንተናውንም አንቲባዮቲክ ያልነኩትን ብቻ ይዛችሁ ድገሙት።

የምግብ መጠይቁ ትኩሳቱ ከጀመረበት በፊት ያለውን ሦስት ሳምንት ይሸፍን። "የወንዝ አትክልት በልተዋል?" ብሎ መጠየቅ አይጠቅምም፤ ገዢዋ የት እንደበቀለ አታውቅም። የት ገበያ፣ ከማን፣ ጥሬ ሰላጣ ስንት ጊዜ፣ በምን ታጠበ በሉ። እዚህ ላይ የተቀቀለ ጎመን ኔጋቲቭ ኮንትሮል ይሁናችሁ። ከአንድ ማሳ፣ ከአንድ ሻጭ ነው የሚመጣው፣ እሳት ግን ባክቴሪያውን ይገድላል። ጥሬ ሰላጣ ከታይፎይድ ጋር ተያይዞ የተቀቀለ ጎመን ካልተያያዘ የውሃው መንገድ ይጠነክራል። ሁለቱም እኩል ከተያያዙ ገበያው ወይም ድህነቱ ነው የሚናገረው። ጎመኑ በጥሬው ሲከተፍ መክተፊያውን ሊበክል ስለሚችል መክተፊያ ለብቻ መሆኑንም ጠይቁ። ጾም ሲገባ አትክልት ስለሚበዛ ሁለቱን ቡድን በሳምንት አዛምዱ።

---

#10 የጤና_ኤክስቴንሽን

ስለ ገበሬዎቹ ማንም አላነሳም። ከውሃው ናሙና "ታይፊ ተገኘ" የሚል ወሬ ገበያ ከገባ የዚያ ሰሞን ጎመን ሳይሸጥ ይበሰብሳል፣ የዘር ብድር ግን ይቀራል። ከዚያ በኋላ ማንም ወደ ማሳው አያስገባችሁም። ናሙና ከመጀመሩ በፊት ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤትና ከአምራቾቹ ጋር ውጤቱ ለማን፣ መቼ፣ በምን ቃል እንደሚነገር በጽሑፍ ተስማሙ። ነጥቦቹን በካርታ ስታወጡ የማሳ ድንበር አይታይ። አብራችሁም የሚሠራ ነገር ይዛችሁ ሂዱ፤ ከመሰብሰቡ በፊት ባሉት ቀናት በወንዝ ውሃ ማጠጣት ማቆም፣ ውሃውን ከላይ ከመርጨት ይልቅ በቦይ ሥር ሥሩን ማስኬድ፣ የተለቀመውን እዚያው ወንዝ ውስጥ አለማጠብ። ሦስተኛው ዛሬውኑ ሊጀመር የሚችል ነው፤ እጥበቱ የሚያድሰውን ያህል ይበክላልና።

---

#11 አቃቂ_ድልድይ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሴንሰሩን ለሌላ ጥናት አቆይተን በሁለት ነገር እንሄዳለን፤ ጎዝ በ12 ነጥብ ላይ በየወሩ ለአንድ ዓመት፣ ከሱ ጎን ቴስት ኔጋቲቭ በሦስት ጤና ጣቢያ። የነጥቦቹን ተፋሰስ በ30 ሜትር የከፍታ ካርታ ካወጣን በኋላ የትኛው ቦይ የት እንደሚገባ በእግር እናረጋግጣለን። የአምራቾቹ ስምምነት ከሁሉ ይቀድማል።

አንድ የቀረ ጥያቄ፦ የሰዓት አመዘጋገቡን እንዴት ትይዙታላችሁ? የመስክ ሠራተኛው "3 ሰዓት" ብሎ ይጽፋል፣ የበረዶ ሳጥኑ የሙቀት መቅጃ ደግሞ በዩቲሲ (ከእኛ አገር የፈረንጅ ሰዓት በ3 ሰዓት የሚዘገይ የዓለም ሰዓት) ነው።

---

#12 ቤተ_ሙከራ

ሠራተኛው በለመደው በሀበሻ ሰዓት ይጻፍ፤ በአእምሮው እንዲቀይር አታድርጉት፣ ስህተቱ የሚገባው እዚያ ነው። ቅጹ ላይ "ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ፣ ሌሊት" የሚል ምልክት ማድረጊያ ይኑር። ኮምፒውተሩ ይቀይረው፦ የዩቲሲ ሰዓት ሲቀነስ 3 የሀበሻ ሰዓት ነው፤ ዩቲሲ 6፡00 ጠዋት 3 ሰዓት ይሆናል። በመጀመሪያው ሳምንት ሳጥኑ የተከፈተበትን ቅጽበት ከሙቀት መቅጃው ከፍታ ጋር አመሳክሩ። በ6 ሰዓት ልዩነት የሚመጣ ካለ ሠራተኛው በፈረንጅ ሰዓት ጽፏል፤ ያን ቀን የተመዘገበውን ሁሉ ተመልሳችሁ እዩ።